ቆመው የሄዱ ሽማግሌዎች

አውሮፕላኑ አሶሳ ሲያርፍ በልቤ ውስጥ የነበረው ፍቅር አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ ነገሩን አጣፍጣ አወራችው እንዳልባል። ከሦስት ዓመት በፊት በአርባ ሰው ፊት የተዋረደ አባት አለኝ። ያዋረደው ሰው ደግሞ በዚህች ከተማ ማንጎ እየነገደ በሰላም ይኖራል። እኔ ለአንድ ሳምንት የዘር ብዜት ሥልጠና ወደ ጋምቤላ እየሄድኩ ነበር። አውሮፕላኑ አሶሳ ላይ ሰው አውርዶ፣ ሰው ጭኖ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይነሳል ተብሏል። ከተማዋን ከመስኮቱ በክፉ ዓይን አይቼ ለማለፍ ነበር ያሰብኩት።

ግን ሰኔ ነው። "ጋምቤላ ላይ ከባድ ዝናብ ስላለ እስከ ሰባት ሰዓት እዚሁ እንቆያለን" አለች አስተናጋጇ። "ወደ ከተማ ወጣ ማለት የምትፈልጉ ትችላላችሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ያልተገኘ ግን ትተነው እንሄዳለን።" ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ተኩል ይላል። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ "በሦስት ሰዓት ተኩል ምን ይሠራል?" ብሎ ተነጫነጨ። እኔ ምን እንደሚሠራበት ወዲያው ገብቶኛል። አንድ ሰው ለማዋረድ ከበቂ በላይ ነው።

በር ላይ ከተሰለፉት ባጃጆች የመጀመሪያው ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ ኦሊያድ እባላለሁ አለኝ፤ የባምባሲ ልጅ ነው፣ ጨዋታ ይወዳል።

"አውሮፕላን ቆሞብሽ ነው አይደል እህቴ? አታስቢ፣ እኔ አለሁልሽ። መጀመሪያ ማንጎ ትበያለሽ፣ ከዚያ ገበያውን አዞርሻለሁ፣ ከዚያ ፎቶ የሚያምርበት ቦታ አለ..."

"የሐጂ ዐብዱልቃድርን ሱቅ ታውቀዋለህ?"

"ሐጂን የማያውቅ የአሶሳ ሰው አለ እንዴ?"

"እዚያ አድርሰኝ። ሌላ የምጎበኘው የለኝም።"

በመስታወቱ አየት አደረገኝና ጨዋታውን ተወ።

መንገዱን አውቀዋለሁ። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት። ሙንታሲር የክፍሌ ልጅ ነበር፤ የበርታ ልጅ፣ የአገሩ ተወላጅ፣ የትልቅ ነጋዴ አንድ ወንድ ልጅ። እኔ ሳና የፓዌ ሰፋሪ ልጅ ነኝ። አባቴ ደባልቄ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭኖ ፓዌ ላይ የወረደ ገበሬ ነው። ሙንታሲርም ሙስሊም፣ እኔም ሙስሊም፤ በዚያ በኩል የሚያጣላን አልነበረም። የቀረው ሁሉ ግን ያራርቀን ነበር። የእነሱ ሀብትና የእኛ የሣር ቤት፣ የእነሱ ቋንቋና የእኛ መጤነት፣ በመካከላችን ደግሞ አባይ።

ስንመረቅ እኔ ፓዌ ሥራ ያዝኩ፣ እሱ የአባቱ ሱቅ ገባ። ያን ዓመት መንገዱ በጸጥታው ምክንያት ተዘጋ፣ ኔትወርክም ጠፋ። ከአሶሳ ፓዌ የሚመጣ ሰው በአየር አዲስ አበባ ገብቶ፣ በባሕር ዳር፣ በቻግኒ ዞሮ ነበር የሚደርሰው። ደብዳቤዎቻችንም በዚያው መንገድ፣ በመንገደኛ እጅ፣ አንዳንዴ ወር እየፈጀባቸው መጡ። ሰው ሁሉ ስልክ በሚነካካበት ዘመን እኛ ወረቀት ስንጠብቅ ኖርን። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

በሚያዝያ ሽማግሌ ላከ። አባቱና ሁለት አጎቶቹ ሦስት ቀን ተጉዘው በማለዳ በራችን ላይ ቆሙ። አባቴም እንደ ወጉ አናገራቸው። "ልጄ ገና ናት፣ ወንድሞቼም አልሰሙም። በአሥራ አምስተኛው ቀን እንነጋገር" ብሎ ሸኛቸው። እኔና እህቶቼ ጓዳ ሆነን አፋችንን በሻሽ አፍነን ስንስቅ ነበር። በአሥራ አምስተኛው ቀን አባቴ ጊደር አረደ፣ ድንኳን ተከለ፣ አርባ ሰው ጠራ። አርባው ሰው ከጠዋት እስከ መግሪብ መንገድ መንገዱን ሲያይ ዋለ። ማንም አልመጣም።

የሣር ቤታችንን አይተው ንቀውን ነው አልን። በወሩ እኔ ለሙንታሲር የጻፍኳቸው ሰባት ደብዳቤዎች በፌስታል ተቋጥረው መጡልኝ። ከእሱ አንዲት ቃል አልታከለባቸውም። ኔትወርክ ሲመለስ ደወልኩ፤ ቁጥሩን ቀይሯል። አባቴ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጁምዓ ሰግዶ ሰው እስኪበተን መስጊድ ውስጥ ይቆያል። ከዚያም በዋናው መንገድ አይመጣም፣ በጓሮ በጓሮ እየዞረ ነው ቤቱ የሚገባው። እኔን አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ሙንታሲር የእኔን ደብዳቤዎች ሲመልስ እኔ የእሱን አልመለስኩም። ከሁሉም ክፉዋን መርጬ ሦስት ዓመት ሙሉ በቦርሳዬ ይዤ ዞርኩ። ሌላ ሰው የፍቅረኛውን ፎቶ የሚይዝበት ኪስ ውስጥ እኔ በቀሌን ነበር የያዝኩት።

*

ሱቁ ሰፊ ነው፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ጨርቅ፣ ጆንያ፣ የሌለው የለም። ገዢዎችም ነበሩ። ሐጂ ዐብዱልቃድር ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ አንድ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ከባንኮኒው አጠገብ ተቀምጠዋል። አንቱ ልላቸው አልፈለግኩም ነበር፤ ሽበታቸው አስገደደኝ።

"አሰላሙ ዓለይኩም።"

"ወዓለይኩም ሰላም! ግባ፣ ግባ። ውጭ ወበቅ ነው። ቁጭ በል።" አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፣ ለሁሉም አንድ ነው። "ከየት መጣህ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ?"

"መንገደኛ ነኝ። አውሮፕላን ቆሞብኝ ነው።"

"አህላን! መንገደኛ ሰው እኔ ቤት ሳይበላ አይሄድም።" ብድግ አሉና እግራቸውን እየጎተቱ ሄደው የተላጠ ማንጎ በሳህን አምጥተው ከፊቴ አኖሩ።

አልነካሁትም። ደግነታቸው ይበልጥ አናደደኝ። ለማያውቁት መንገደኛ ማንጎ የሚልጡ ሰውዬ የአባቴን ጊደር እንዴት ውሻ አስበሉ?

"ሐጂ፣ ደብዳቤ ይዤ ነበር። ልጅዎ ሙንታሲር በእጁ የጻፈው ነው።"

"ሙንታሲር ጓሮ ነው፣ ማንጎ ይጭናል። አሁን ይመጣል። ደብዳቤ ለማን ነው?"

"ስለ እርስዎ ነው።"

"እኔ አማርኛ ማንበብ አልችልም፤ ዓረብኛ ብቻ ነው። አንተ አንብብልኝ።"

በሕልሜ እንኳ እንዲህ አልተመቻቸልኝም። ብድግ አልኩ። ገዢዎቹም፣ በረንዳ ላይ የቆሙት ሴቶችም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

"'ሳናዬ፣ አባቴ ሰውን የሚያየው በሚዛን በኩል ነው። እኔንም የሚወደኝ እንደ ልጅ አይደለም፣ እንደ ሱቅ ጠባቂ ነው...'"

የጓሮው በር ተከፈተ። ሙንታሲር ነው። ሸሚዙ በማንጎ ሙጫ ጠቁሯል፣ ፊቱ ከስቷል፣ ያኔ ያልነበረ ጺም አብቅሏል። የገዛ ቃሉን እኔ ሳልጨርሰው አወቀው። ዓይናችን ገጠመ። ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩት ጥላቻ ሁሉ አብሮኝ ነበር። ባንኮኒውን ተደግፌ እሱን እያየሁ ቀጠልኩ።

"'እምቢ ካለኝ የሱቁን ቁልፍ ባንኮኒው ላይ ጥዬለት እወጣለሁ። ወንድ ልጅ አልነበረኝም ይበል። ከእሱ ሱቅ የአባትሽ የማሽላ ማሳ ይበልጥብኛል። ተከትሎኝ ቢመጣ እንኳ ዞሬ አላየውም።' ሙንታሲር ዐብዱልቃድር ብሎ ፈርሟል።"

ሐጂ እኔን አላዩም። ልጃቸውን አይተው በበርታ ቋንቋ አንድ አጭር ነገር አሉ። ቋንቋውን አላውቀውም፣ ጥያቄ መሆኑን ግን አወቅሁ። ሙንታሲር አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው የዘረጉትን እግራቸውን ቀስ ብለው ከበርጩማው አወረዱ። አሁን ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለኝም። ስኳር ልትገዛ የቆመች አንዲት ሴት "አንቺ ልጅ፣ አላህን አትፈሪም?" አለችኝ። ደብዳቤዋን አጠፍኳት።

*

"አንተ የማን ልጅ ነው?" አሉኝ ሐጂ።

"የደባልቄ። የፓዌው ደባልቄ። ጊደር አርዶ፣ አርባ ሰው ሰብስቦ በከንቱ የጠበቀዎት ሰው ልጅ ነኝ።"

"እኔን ጠበቀ?" በምሬት ሳቁ። "ወላሂ፣ አንተ አባት እኔን በር ላይ አቆመ! ሦስት ቀን መንገድ ሄድኩ። እግሬ አብጦ ነበር። ቁጭ በል አላለኝም። ውሃ አላለኝም። ውስጥ ደግሞ ሴቶች ሳቀ። በእኔ ላይ ሳቀ!"

ሙንታሲር ወደ እኔ መጣ። እንደዚያ ቀዝቅዞ አይቼው አላውቅም።

"አሁን ደስ አለሽ? ከፓዌ ሲመለስ ሁለት ወር አልጋ ላይ ተኛ። 'እንደ ለማኝ በር ላይ አቁመው እምቢ አሉን' አለኝ። አንቺ ጓዳ ሆነሽ ስቀሽበታል። ይኸው ዛሬ ደግሞ ልትጨርሺው መጣሽ።"

"እምቢ ማን አለ? በአሥራ አምስተኛው ቀን እንነጋገር ነው ያለው! ቀን ቆርጦ ነው የሸኛቸው!"

"ምን ቀን?" አለና ወደ አባቱ ዞረ። "ቀን ተቆርጦ ነበር?"

"ምን ብዬ ልንገርህ?" አሉ ሐጂ። "ሰው እሺ ካለ ያስቀምጣል፣ ያበላል። በር ላይ ሰምቶ፣ በር ላይ 'ሌላ ቀን' ካለ፣ እምቢ ብሏል። ይሄ እኮ ልጅ ያውቃል!"

"በእኛ ዘንድ ግን እንደዚያ አይደለም!" ድምፄ ከቁጥጥሬ ወጣ። "በመጀመሪያው ቀን ልጁን እሺ የሚል አባት የለም! ቶሎ እሺ ያለ እንደሆነ ልጁ የሰለቸችው ነው የሚመስለው። ሽማግሌም ቁርጡን ሳይሰማ አይቀመጥም፤ ተቀመጥ ቢሉትም አይቀመጥም። አባቴ የሸኛችሁ ሊሰጠኝ ወስኖ ነው! ጊደሯን የመረጠው እናንተ ከግቢ ሳትወጡ ነው! እኔም የሳቅኩት ደስ ስላለኝ ነው..."

 ሙንታሲር ወደ እኔ ዞረ። ብርዱ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲለቅ፣ በቦታው የከፋ ነገር ሲመጣ አየሁ።

"ይህን ታውቂ ነበር?"

"የማያውቅ አለ እንዴ?"

"እኔ አለሁ" አለ። "ለምን አልነገርሽኝም ሳና?"

ሰባት ደብዳቤ ጽፌለታለሁ። ስለ ማሽላው ጽፌያለሁ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሕልሜ፣ ስለ እህቴ የጥርስ ሕመም ሳይቀር ጽፌያለሁ። ሽማግሌዎችህ በመጀመሪያው ቀን ቆመው ነው የሚሸኙት፣ እንዳትደነግጥ የምትል አንዲት መስመር ግን አልጻፍኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ያደግሁት ወግ ስለሆነ መነገር እንዳለበት አልታሰበኝም። ልበቀል የመጣሁበት ነገር ግማሹ የገዛ እጄ ሥራ ነበር።

ግማሹ ነው ታዲያ። ሌላውን ግማሽ አልማርኩትም።

"አንተስ?" አልኩት። "ሰባቱን ደብዳቤ ስትመልስልኝ 'ለምን?' የምትል አንዲት ቃል አጣህ? አንዲት ቃል! አባትህን አመንክ፣ እኔን ግን ልትጠይቀኝ እንኳ አልፈለግክም።"

"አባቴ ነው ሳና! አልጋ ላይ ሆኖ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ።"

"የእኔስ አባት? ሦስት ዓመት ሙሉ ከመስጊድ በጓሮ እየተደበቀ የሚገባው የማን አባት ነው? አንተ ያለቀሰ አባት አየህ፤ የእኔ ማልቀስ እንኳ አፍሮ ነው የኖረው!"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አለቀሰ። እንዲህ ሆኖ ላየው ስንት ቀን ተመኝቻለሁ፤ ስንት ሌሊት ይህንኑ እያሰብኩ ተኝቻለሁ። አሁን ግን እጄ ሳላዛት ወደ ትከሻው ተነስታ፣ ሰው እያየኝ መሆኑን አስታውሼ መለስኳት። ያቺን እጄን በዚያች ሰዓት ጠላኋት።

*

ኦሊያድ ከውጭ ጥሩምባ ነፋ። "እህቴ፣ ስድስት ሰዓት ከሩብ! በኋላ ባጃጅ እንጂ ክንፍ የለኝም!"

በቀረችኝ ጊዜ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ታየኝ። ስልኬን አወጣሁና ፓዌ ደወልኩ።

"አባ፣ አሶሳ ነኝ። ሐጂ ዐብዱልቃድር ፊት ቆሜያለሁ።"

  ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት፤ የበሩን፣ የእግራቸውን፣ የሳቃችንን፣ የእኔን ዝንጋታ።

"ወጉን አላወቁትም?" አለ በመጨረሻ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አላወቁትም አባ።"

"ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ነው የሄዱት? ያ ረቢ! እኔ እኮ ሙስሊም ሁሉ ለሽማግሌ አንድ ወግ ያለው መስሎኝ ነው።" አሁን ያለቅሳል ብዬ ፈራሁ። አላለቀሰም። ሦስት ዓመት ያልሰማሁት፣ በበሬ ሲያርስ የሚጮኸው ድምፁ መጣ። "ስልኩን ስጭው! ራሱን አገናኚኝ!"

ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።

"ሐጂ! በአርባ ሰው ፊት አዋረድከኝ!"

"አንተ በር ላይ አዋረደኝ!" ሐጂ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ እግራቸው የት እንዳለ ረሱት። "ሦስት ቀን መንገድ! አንድ በርጩማ አጣህ?"

"ጊደሬን አርጄልሃለሁ! ገና ያልወለደች ጊደር!"

"እኔ ማር ይዤ ነበር! ንጹሕ ማር፣ ከአሶሳ ተሸክሜ! ማሩን ይዤ ተመለስኩ!"

"ታዲያ ለምን አልሰጠኸኝም?"

"ቁጭ በል ስላላልክ!"

"በአሥራ አምስተኛው ቀን ብትመጣ ፍራሽ ደራርቤ አስቀምጥህ አልነበር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? መጽሐፍ ላይ ተጻፈ?"

በረንዳው ላይ ሰው ሞላ። ስኳሯን የረሳችው ሴት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ሙንታሲር ከግድግዳው ዞሮ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ስልኩን ያያል፤ አባቱን ያያል፤ እኔን ያያል።

"ና እንግዲያው!" አለ አባቴ። "ወንድ ከሆንክ እዚህ መጥተህ በፊቴ ተናገር!"

"እመጣለሁ! ወላሂ እመጣለሁ! ልጄን ይዤ እመጣለሁ!"

"አቆምሃለሁ! አርባውን ሰው ጠርቼ በር ላይ አቆምሃለሁ!"

"እቆማለሁ!" አሉ ሐጂ፣ ባንኮኒውን በጡጫ መትተው። "በአሥራ አምስት ቀን ደግሞ መጥቼ እቆማለሁ! እናያለን ማን ቀድሞ ይደክማል!"

ስልኩ ተዘጋ። ሐጂ እያለከለኩ ተቀመጡ፣ ፊታቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ አበሱ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ።

"ሐጂ፣ ስላነበብኩት ነገር..."

"ዝም በል። አሁን ይቅር አልልም።" ልጃቸውን በጎን አዩት፣ መልሰው እኔን አዩኝ። "ቤቴ ስትገባ ሁለታችሁን እቀጣለሁ።"

ሙንታሲር እስከ ባጃጁ ተከተለኝ። አልተነካካንም፤ በመካከላችን አንድ ክንድ ያህል ቦታ ነበር። እንደዚያች ክንድ የሚሞቅ ነገር ግን በሕይወቴ አላውቅም።

"ይቅር አልሽኝ?" አለ።

"አላልኩህም።"

"ምን ላድርግ?"

"የምትመጡት ጁምዓ ቀን ነው" አልኩት። "አባቴ ሰግዶ ሲጨርስ መስጊዱ በር ላይ ትጠብቀዋለህ። ሰው ሳይበተን። እጁን ይዘህ፣ በዋናው መንገድ፣ በገበያው መሐል፣ ቀስ ብለህ እያራመድክ ቤቱ ድረስ ታስገባዋለህ። ያየ ሁሉ ይየው። ከዚያ በፊት ይቅርታ የሚባል ነገር ከእኔ አትጠብቅ።"

"ከዚያ በኋላስ?"

መልሱን ያውቀው ነበር። እኔም ማወቁን አውቄ ዝም አልኩት፤ ትንሽ ይሰቃይ ብዬ። ባጃጁ ውስጥ ገብቼ "ንዳ" አልኩ። ኦሊያድ ሞተሩን አስነሳና በመስታወቱ አየኝ።

"ዞረሽ እዪው እንጂ እህቴ፣ ልጁ እኮ እዚያው ቆሞ ቀረ።"

አልዞርኩም። ብዞር እንደምወርድ አውቄዋለሁ።